አባ ኮዳው ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ቅዳሜ ማታ

ሥራ አገኘሁ። ሠርግ አይደለም፣ ምርቃትም አይደለም። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ያላቸው አንዲት እናት ለግድግዳቸው የሐይቁን ፎቶ ይፈልጋሉ። ማኪያቶ አስመጥተውልኝ፣ «የእኛው ሐይቅ ይሁን፤ የፈረንጅ አገር እንዳይመስልብኝ» አሉኝ። ልኩን ራሳቸው ወስነውታል፦ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር። ከሶፋው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ልክ ያን ያህል ነው። «እሺ እትዬ» ብዬ ወጣሁ።

ሒሳቡ የመጣልኝ ቤት ስደርስ ነው። 90 በ45 ማለት ሁለት ለአንድ ነው። የእኔ ካሜራ የሚያነሣው ሦስት ለሁለት፣ በፒክስል 6000 በ4000። ስፋቱን በሙሉ ብጠቀም እንኳ ከቁመቱ 1000 ፒክስል መጣሉ አይቀርም። ፎቶው ገና ሳይነሣ ሩቡ ተቆርጧል። ነገ ሐይቁ ዳር ስቆም ይህን ይዤ ነው መቆም ያለብኝ።

ማስታወሻ የምይዝበት ምክንያት አለኝ። አምና አንድ የወንዶ ገነት ፎቶ ሠርቼ ያየው ሁሉ ወደደው። ዘንድሮ ያንኑ ልድገም ብዬ ፋይሉን ስከፍተው ምን አስቤ እንደሠራሁት ጠፋኝ። ስላይደሮቹ (ብርሃንና ቀለም የማስተካክልባቸው መግፊያዎች) አሉ፣ ምክንያቱ የለም።

እሑድ ጠዋት

11 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ያዝኩ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለካ ወደው አይደለም፤ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ከአሞራ ገደሉ የዓሣ ገበያ ትንሽ አለፍ ብዬ ውሃው ዳር የበቀለው ፊላ አጠገብ ቆምኩ።

ጠዋትን የመረጥኩት አውቄ ነው። ከተማችን ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ፀሐይ ውሃው ላይ የምትጠልቀው ማታ ነው፤ ሁሉም የሚያነሣውም ያንን ነው። ብርቱካናማ ሰማይ፣ ጥቁር ጀልባ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶች። እሱን በየሆቴሉ ኮሪደር ጠግበነዋል። ጠዋት ግን ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባችን ነው። መጀመሪያ የምትነካው ከማዶ ያሉትን ኮረብታዎች ነው። እኔ የቆምኩበት ዳርና ከፊቴ ያለው ውሃ ገና ጥላ ውስጥ ናቸው። ማዶው ሞቆ ወዲህኛው ብርድ ላይ የሚሆንበት ጥቂት ደቂቃ አለ። እሱን ነው የፈለግኩት። ነፋስም ገና አልተነሣም፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ውሃው ይሸበሸባል።

ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። ውሃው ላይ ስስ ጉም አለ። ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ከግራ በኩል ወደ ዳር እየመጡ ነው። አንዱ ቆሞ በረጅም እንጨት ይገፋል፣ ሌላው ተቀምጦ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረቡ ያላቅቃል። በቀኝ በኩል፣ ፊላው ጥግ፣ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ቆሟል። ራሰ በራ፣ ከረጢቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ካፖርት የለበሰ የሌሊት ዘበኛ ይመስላል። ዓሣው ሲበለት የሚጣለውን እየጠበቀ ነው።

የካሜራዬ ልክ፦ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ የሰከንድ 1/60። የማዶው ኮረብታ እንዳይነጣብኝ ሆን ብዬ ትንሽ አጨለምኩት። የነጣ ነገር ተመልሶ አይመጣም፤ የጨለመ ግን፣ ሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሳይነካ የሚያስቀምጥበት) ከሆነ፣ ብዙ ነገር ይወጣዋል። የእኔ ካሜራ ሮው ባለ 14 ቢት ነው፤ በየቀለሙ 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። ጄፔግ፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ 256 ብቻ ነው። 41 ጊዜ አነሣሁ። ትንሽ ቆይታ ፀሐይ ዳሩን ነካችና ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቢጫ ሆነ። ካሜራዬን ከትቼ ዓሣ ሾርባ ፍለጋ ሄድኩ።

እሑድ ከሰዓት

41ዱን ወደ አንድ ማውረድ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ብርሃኑ በሁሉም ላይ ያው ነው። የሚለያቸው ክፍተት ነው። በአንዱ ላይ የቆመው ሰውዬ ከተቀመጠው ጋር ተደርቦ አንድ ጥቁር እብጠት ሆኗል። በሌላው ላይ የሚገፋበት እንጨት ከአናቱ የበቀለ ይመስላል። 27ኛው ላይ ግን በክንዱና በወገቡ መካከል ውሃ ይታያል። ያቺ ቀዳዳ ናት ሰው ያስመሰለችው።

አንድ ዘዴ አለኝ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ቴምብር እስኪያክል አሳንሼ አየዋለሁ። በዚያ መጠን ሰውና ጀልባ መሆኑ ከታወቀ ከካፌው በር ላይም ይታወቃል። 27 አለፈ።

ሰኞ ማታ

መጀመሪያ ማቃናት። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያቃናበትን ቁልፍ ስጫን በ0.8 ዲግሪ አዞረልኝ። ትንሽ ይመስላል፤ በ6000 ፒክስል ስፋት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ፒክስል ገደማ ነው። ውጤቱን ሳየው ጀልባው ቁልቁለት የሚወርድ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ነው። ፕሮግራሙ እንደ አድማስ የያዘው የማዶውን የውሃ ዳር ነው። የሐይቅ ዳር ደግሞ አድማስ አይደለም፣ ይታጠፋል። በአንድ በኩል ወደ እኛ ከቀረበ ፎቶው ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ያልተጋደለውን ሐይቅ ነው ያቃናልኝ።

ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለግኩ። የረጋ ውሃ ላይ አንድ ነገርና ነጸብራቁ በአንድ ቁም መስመር ላይ ነው የሚውሉት። የቆመውን ሰውዬ ራስ ውሃው ውስጥ ካለው ራሱ ጋር በመስመር አገናኘሁ። እውነተኛው መጋደል 0.3 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሐይቅ ለምታነሡ ሁሉ ይህቺን ያዙልኝ።

ቀጥሎ ክሮፕ፣ ዳር ዳሩን መቁረጥ። የማዶው ዳር ፎቶው መሀል ላይ ነው ያለው፤ ከላይ 1900 ፒክስል፣ ከታች 2100። እኩል ለእኩል ሲሆን ሁለት ፎቶ የተደራረበ ይመስላል፤ ዓይን የቱ ጋ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። መስታወት የመሰለ ነጸብራቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኩል መክፈሉ ያምር ነበር። እዚህ ግን ታች ታሪክ አለ፣ ላይ የለም።

መጀመሪያ ከታች 1000ውን ቆረጥኩ። ሰማዩ ገነነ፣ አባ ኮዳው ከጉልበቱ ተቆረጠ። ባዶ ሰማይ ግማሽ ግድግዳ ይዞ ምን ይሠራል? ተውኩት። ከላይ 800፣ ከታች 200 ቆረጥኩ። አሁን የማዶው ዳር ከላይ 1100ኛው ፒክስል ላይ ነው። ከቁመቱ ሲሶ ትንሽ ይበልጣል። ትክክለኛው ሲሶ 1000 ነው፣ «ደንቡን ጠብቅ፣ ዳሩን ሲሶው ላይ አድርግ» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን የሲሶ ደንብ በጽሑፍ ያስቀመጠው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797። የፎቶግራፍ ሥራ ለዓለም የታወጀው በ1839 ነው። ሰውዬው የሚያወራው ስለ ሥዕል ነበር። 100 ፒክስል ፍለጋ የጀልባውን ነጸብራቅ ከታችኛው ጫፍ ጋር አላጨናንቅም።

ጠበቅ ያለ ክሮፕም ሞከርኩ፣ 5000 በ2500። 1000ውን ከቀኝ ስቆርጥ አባ ኮዳው በሙሉ ወጣ። ፎቶው ንጹሕ ሆነ። ግን ጀልባው ከስፋቱ 38 በመቶ ላይ የነበረው 46 በመቶ ላይ መጣ። መሀል ማለት ነው። ደግሞ ወደየት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከወፉ ጋር ሲሆን ወደ አንድ ነገር እየመጣ ነው፤ የሚጠብቀው አለ። ያለ ወፉ ተንሳፎ የቆመ ጀልባ ነው። ለህትመትም ቢሆን 6000ው ፒክስል በ90 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 169 ነጥብ ይሆናል፤ 5000ው ግን 141። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሁለቱም ያስኬዳሉ። የወሰንኩት ግን በወፉ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ብርሃን። መጀመሪያ ዋይት ባላንስ፣ ፎቶው ወደ ቢጫ ይሙቅ ወይስ ወደ ሰማያዊ ይቀዝቅዝ የሚለው። ካሜራው በራሱ 6300 ኬልቪን ላይ አድርጎት ነበር፤ ጥላው እንዳይሰማያዊ ብሎ ሁሉንም አሙቆታል። እኔ የምፈልገው ደግሞ ብርዱን ነው። ወደ 5200 አወረድኩት። ውሃው ቀዘቀዘ፣ ኮረብታው ትንሽ ወርቃማ ሆኖ ቀረ። አንድ ቁጥር ነክቼ ያገኘሁት ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

ከዚያ ሻዶውን፣ ጨለማ ጨለማውን ክፍል፣ ማንሣት ስጀምር መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ እኔም ቀጠልኩ። ፊላው በጣም ጨለመብኝ፣ አነሣሁት። ሰዎቹ ጨለሙብኝ፣ አነሣኋቸው። ጉሙ አልታይ አለኝ፣ ኮንትራስት ጨመርኩ። አንድ ሰዓት ሠርቼ ረክቼ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት

ምን ጉድ ነው? ስከፍተው ፎቶው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ጥቁር የሚባል ነገር የለም፤ ፊላው ግራጫ፣ ጀልባው ግራጫ፣ ወፉ ቦግ ብሎ ወጥቷል። ላፕቶፔ በባትሪ ሲሆን የስክሪኑን ብርሃን በራሱ ይቀንሳል። እኔ ትናንት ስታገል ያመሸሁት ከፎቶው ጋር ሳይሆን ከስክሪኑ ጋር ነው። ሂስቶግራሙን፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ባይ ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ እሱ መብራት ሄደ አልሄደ አይሰማውም። ግራፉ በሙሉ መሀል ላይ ተከምሯል፣ ግራው ጫፍ ባዶ ነው።

ሁሉንም ደመሰስኩ። አሁን የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ላይ አሰርኩት፣ ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገውን ነገርም አጠፋሁ።

ረቡዕ ማታ

ስላይደር ሳልነካ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። ፎቶውን በአምስት ቅርጽ ብቻ ሣልኩት፦ ሰማይ፣ ኮረብታ፣ ውሃ፣ ጀልባ፣ ፊላው ከነወፉ። በየቅርጹ ላይ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ጻፍኩ፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 10 ባዶ ወረቀት። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር እ.ኤ.አ. 1940 ገደማ ያወጡት አካሄድ ነው። 5 ቁጥር መሀለኛው ግራጫ ነው፣ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልሰው። እነሱ ለፊልም ነው ያሰቡት። ለእኔ ግን ስክሪኑ ፊት ከመዋለሌ በፊት እንድወስን ያስገድደኛል።

ኮረብታው 7። ሰማዩ 8። ውሃው ከላይ 6፣ ወደ ታች ሲመጣ 4። ጀልባውና ሰዎቹ 2። ፊላው 1 ተኩል። ወፉ ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ። ባዶ ተውኩት።

እንዲህ ቁጥር ሰጥቼ ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ሰኞ ክሮፕ ሳደርግ «ቅንብሩ አለቀ» ብዬ ነበር። አላለቀም። ፊላውን 1 ተኩል ካደረግሁት የፎቶው ቀኝ ጫፍ ይዘጋል፤ ዓይን ወደ ጀልባው ይመለሳል። 4 ባደርገው ደግሞ በዚያው ያመልጣል። ምንም ሳልቆርጥ ቆረጥኩ ማለት ነው። ማጨለም ነገርን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ማብራት ወደ ፊት ይስባል። እስከዛሬ ቅንብር አንድ ሥራ፣ ብርሃን ሌላ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ቀድሞ ይሄ፣ ቀጥሎ ያ። የወንዶ ገነቱ ፎቶ ምክንያት የጠፋኝም ለዚህ ይመስለኛል።

በየቅርጹ ማስክ (ያን ቅርጽ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ሽፋን) ሠርቼ ወደ ቁጥሩ አመጣሁት። ጀልባው ከታችኛው ውሃ ጋር እንዳይዋጥ ግን ከወረቀቱ ወጣ ብዬ ታችኛውን ውሃ ከፍ አደረግሁት። ስክሪኑ ላይ አምሯል። ጀልባው በብር ሳህን ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

ሐሙስ ጠዋት

ኮረብታውን በደንብ ላየው ተመልሼ አሞራ ገደል ሄድኩ። ካሜራ አልያዝኩም፣ ፎቶውን በስልኬ ይዣለሁ። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አጠገብ ተቀመጥኩና አሳየኋቸው።

አንድ አፍታ አዩት። «ጀልባው ጥሩ ነው» አሉ። «ውሃው ግን ውሸት ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ከሰማዩ በልጧል። ውሃ መቼ ከሰማይ በልጦ ያውቃል?»

ቀና ብዬ ሐይቁን አየሁ። እውነታቸውን ነው። ውሃው የሚያበራው ከሰማይ ተበድሮ ነው፤ የተበደረውንም ሁሉ አይመልስም። ራቅ ብሎ፣ በአግድም ስናየው አብዛኛውን ይመልሳል፤ ለዚህ ነው ከማዶ ያለው ውሃ ሰማይ የሚመስለው። ወደ እግራችን እየቀረበ በሄደ ቁጥር ግን የሚመልሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ቀጥ ብለን ወደ ታች ካየን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ውሃ ወደ እኛ ሲመጣ መጨለም አለበት። ወረቀቴ ላይ ከ6 ወደ 4 ብዬ የጻፍኩት ትክክል ነበር። ማታ ስክሪን ፊት ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ሽማግሌው የዚህን ፊዚክስ ቁጥር አይፈልጉትም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዩት ኖረዋል።

እግረ መንገዴን ሌላ ሙከራ አሳየኋቸው። ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጬው ነበር፣ ጀልባው ከቀኝ ወደ ግራ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለማየት። «ይሄስ የት ነው?» አሉኝ። ሐይቁ የራሳቸው፣ ጀልባው ያው፣ ወፉ ያው። ግን የኮረብታው ጀርባ በተቃራኒ ስለዞረ አገሩ ጠፋባቸው። እትዬ «የእኛው ሐይቅ ይሁን» ነበር ያሉት። የተገለበጠውን እዚያው ደለትኩት።

ማታ ውሃውን አስተካከልኩ። ታችኛው ጫፍ ጨለመ፣ ጀልባው ከነጸብራቁ ጋር ትንሽ ተቀራረበ፣ ግን አልተዋጠም። ቅድም ያላየሁት ደግሞ ወጣ፦ ጉሙ። ከበስተኋላው ያለው ውሃ ሲጨልም ጉሙ በራሱ ታየ። ኮንትራስትም አልጨመርኩ፣ ምንም አልነካሁ።

ዓርብ

ላፕቶፑን ይዤ ካፌ ሄድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስቀመጡ። ወፉ ላይ።

«ይሄን አውጣልኝ።»

«አባ ኮዳውን?»

«ሰው ኬክ እየበላ ይሄን ቆሻሻ በሊታ ያያል እንዴ ልጄ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እትዬ፣ አሞራ ገደል ያለ አሞራ ይሆናል?» አልኩ። ሳቁ፤ ግን አልተረቱም። ስለ ጀልባው መድረሻ ነገርኳቸው፣ ወፉ ባይኖር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም አልኳቸው። «ወደ ቤቱ ነዋ የሚሄደው» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ እንዳሉት አወጣሁት። ደስ አላለኝም፤ ግን ግድግዳው የሳቸው ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጠቅታ ፊላ ሞላበት። ቆንጆ ሠራው። ለእትዬ በቴሌግራም ልልክ ስል አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ወፉ ሄዷል፣ የወፉ ነጸብራቅ ውሃው ውስጥ ቆሟል። ብቻዬን ሳቅኩ። ነጸብራቁንም አወጣሁ። ያኔ ደግሞ ቀኙ ጥግ ዝም ያለ ጥቁር መጋረጃ ሆነ፤ ጀልባው ወደ መጋረጃ ይገፋል።

ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ሁለቱንም አሳይዎታለሁ፤ አንድ ቀን ይስጡኝ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ይኑር ካልክ ይኑር፤ ዓይኔ ላይ ግን አይምጣብኝ» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

ወፉ ለምን ዓይን ላይ ይመጣል? ለካሁት። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ የደረቱ ነጭ 190 ነው። ፀሐይ ያረፈበት ኮረብታ 195። ጥላ ውስጥ የቆመ ወፍ ፀሐይ ከነካው ተራራ ጋር እኩል ያበራል! ጥላውን ሳነሣ አብሬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዙሪያው ያለው ፊላ ደግሞ 35 ነው፤ በዚያ ጨለማ ላይ 190 እንደ አምፖል ነው። ፎቶው ላይ ሁለት እኩል ብርሃን አለ፣ ሁለቱም ና ና ይላሉ። እትዬ የተቆጡት ወፉን ጠልተው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደረቱን ብቻ የሚይዝ ማስክ ሠራሁ። 150 ሞከርኩ፣ አሁንም ይጣራል። 70 ሞከርኩ፣ የቆሸሸ ጨርቅ መሰለ፤ ነጭ መሆኑ ጠፋ። 110 ላይ ቆምኩ። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ አቀዘቀዝኩት። የራሱ ሮዝ ቆዳም ብቻውን ሞቃት ሆኖ ስለወጣ ሳቹሬሽኑን፣ የቀለሙን ድምቀት፣ ቀነስኩ። መንቁሩን አልነካሁም። ከፊላው ወጣ ብሎ ውሃው ላይ ነው ያለው፤ ያቺ ሹል መስመር ብቻ ወፍ መሆኑን ትናገራለች። ነጸብራቁንም በዚያው ልክ አጨለምኩ። የትናንቱን ስሕተት አልደግምም።

እንደገና እንደ ቴምብር አሳነስኩት። ኮረብታ፣ ጀልባ፣ ቀጥሎ ጨለማ። ወፍ የለም። አተለቅኩት። ወፍ አለ፣ ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ 4 ተኩል ብዬ ጻፍኩ።

ሳቹሬሽን ለመጨመር እጄ ሄዶ ነበር። ኮረብታው ትንሽ ቢቀላ፣ ውሃው ትንሽ ቢሰማያዊ። ጨምሬ አየሁት፣ ፖስትካርድ ሆነ። መለስኩት። ማሳያውን ከላክሁላቸው በኋላ እትዬ የጻፉልኝ መልስ አንድ ቃል ነው፦ «አሁን።»

ሰኞ

90 ሴንቲ ሜትሩን በሙሉ አሳትሜ ከምደነግጥ፣ በእውነተኛ መጠኑ አንድ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ላሳትም አልኩ። ከኮረብታው እስከ ወፉ የሚያልፍ ሰያፍ ቅንጣቢ። ሁለት ዓይነት፦ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ ትንሽ ፈካ ያለ። ወረቀት ከራሱ አያበራም፤ ስክሪን ላይ 1 ተኩል የነበረ ፊላ ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ላይ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ያሳተምኩበት ቤት ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ሰጠኝ። ውሃው ቱርኩዋዝ፣ ፊላው አረንጓዴ፣ ወፉ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ተመልሷል። ማሽኑ በራሱ «ያሳምራል»። ልጁም አስቦልኝ ነው፣ «ጨለም ብሎ ነበር፣ አበራሁልህ» አለኝ። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ያጨለምኩትን! ተከራክረን የማሽኑን ማስተካከያ አጠፋልኝ፤ በድጋሚ ወጣ። ፋይሉ ስም ላይም «ሳይነካ ይታተም» ብዬ ጻፍኩበት።

ሁለቱን ቁራጮች ካፌው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ቀን አየኋቸው፣ አምፖል ሲበራ አየኋቸው። እንዳለ የታተመው ቀን ላይ ጥሩ ነው፣ ማታ ግን ሰዎቹና ጀልባው አንድ ሆኑ። ፈካ ያለው አሸነፈ። ያቺ በክንድና በወገብ መካከል ያለችው ቀዳዳ ማታም ትታያለች።

ግድግዳው ትይዩ ሰፊ መስኮት አለ። ስለዚህ መስታወት ያለው ፍሬም አይሆንም፤ ሐይቁን ሳይሆን መንገዱንና ባጃጁን ነው የሚያሳየው። ያለ መስታወት፣ ማት፣ ቀጭን የእንጨት ጠርዝ። ጠርዙ ጥቁር ይሁን ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ጥቁር ጠርዝ አጠገብ ፊላው ግራጫ ይመስላል።

ረቡዕ

ተሰቀለ። እኔ ምስማር ስመታ እትዬ ከበሩ ሆነው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይሉኛል። ሐይቁ 0.3 ዲግሪ፣ ምስማሩ ደግሞ ሁለት ጣት።

ሁለት ወጣቶች ገብተው ከሥሩ ተቀመጡ፤ ቀና ብለውም አላዩት። አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ «ይሄ አሞራ ገደል ነው፣ ጠዋት ነው» አለና ማኪያቶውን አዘዘ። የእትዬ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሶፋው ላይ ወጥታ ቀኙ ጥግ ላይ አፍንጫዋን አስጠጋች። «አባ ኮዳ!» አለች። እትዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ምስማሩ አየሁ።

ሒሳቤን ተቀብዬ ልወጣ ስል ሰማዩ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታክል ግራጫ ነጥብ አየሁ። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ወፉ ላይ አፍጥጬ ባዶውን ሰማይ አንድ ጊዜ እንኳ አልመረመርኩትም። እትዬ አላዩዋትም። እኔም አልነገርኳቸውም።